የሙስካቱ ሚሲዮናዊና አሥራ ስምንቱ ልጆች

ከአል ኹዌር ወደ ምሥራቅ፣ ማትራህን አልፎ በተራሮች መካከል የሚያመራው መንገድ ወደ ጥንታዊቷ ሙስካት ያደርሳል። ዛሬ ጸጥ ያለችው ይህች የወደብ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ መናኸሪያ ነበረች። ተምር፣ ጨርቅ፣ ሩዝና የዝሆን ጥርስ በወደቧ ይራገፍና ይጫን ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ የሚጫንበት ዘመን ነበር። የፒተር ዝዌመር አጭር ሕይወት ከዚህች ወደብ ጋር የተሳሰረው በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ነው።

ፒተር ዝዌመር በ1868 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ከኔዘርላንድ ተሰደው በመጡ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ አድሪያን ዝዌመር የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ልጆች የበዙበት፣ ጸሎትና መጽሐፍ የማይለዩት ቤት ነበር። ከዚያ ቤት እኅቱ ኔሊ ወደ ቻይና ለስብከት ሄደች። በአንድ ዓመት ገደማ የሚበልጠው ወንድሙ ሳሙኤል ደግሞ ፊቱን ወደ ዐረብ ምድር አዞረ።

ሳሙኤል ከባልደረባው ከጄምስ ካንታይንና ከመምህራቸው ጋር ሆኖ በ1889 የዐረቢያ ሚሲዮን የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ በ1891 በበስራ፣ በ1892 በባሕሬን፣ በ1893 ደግሞ በሙስካት ጣቢያ ከፈተ። ዓላማው ስውር አልነበረም፤ ሙስሊሞችን ወደ ክርስትና መጥራት ነበር። ፒተር ትምህርቱን በሆፕ ኮሌጅና በኒው ብራንዝዊክ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ከፈጸመ በኋላ በ1892 ወንድሙን ተከትሎ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተጓዘ። በቀጣዩ ዓመት የሙስካት ጣቢያ በኃላፊነት ተሰጠው። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አምስት ነበር፤ ትዳርም አልመሠረተም።

ከእርሱ አስቀድሞ ወደ ሙስካት የመጣው እንግሊዛዊው ጳጳስ ቶማስ ቫልፒ ፍሬንች በሕንድ ረጅም ዘመን ካገለገለ በኋላ በእርጅናው እዚህ ደርሶ በግንቦት 1891 በሙቀቱ ደክሞ ሞቶ ነበር። መቃብሩም ከከተማዋ ወጣ ብሎ በባሕር ዳር ይገኛል። ስለዚህ ወጣቱ ሚሲዮናዊ የመጣበት አገር የአየር ጠባይ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ኦማንን ያስተዳድሩ የነበሩት ሱልጣን ፈይሰል ቢን ቱርኪ ነበሩ። ፒተር ዐረብኛ ተማረ፤ መጻሕፍት ሸጠ፤ በግመልና በአህያ ወደ ውስጥ አገር እየዘለቀ እስከ ጀበል አኽደር ድረስ ተጓዘ። በየመንደሩ እንግድነቱን ተቀብለው ውሃና ተምር ያቀረቡለት ሰዎች ትምህርቱን አልተቀበሉም። የኦማን ሰው እንግዳን አክብሮ፣ በሃይማኖቱ ግን ጸንቶ የሚኖር መሆኑን ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በየካቲት 1895 ከውስጥ አገር የመጡ ጎሣዎች በሱልጣኑ ላይ ተነስተው ሙስካትን በወረሩ ጊዜ ከተማዋ ተዘረፈች፤ የሚሲዮኑ ንብረትም ከዘረፋው አላመለጠም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሥራውን አልተወም።

የፒተርን ስም በሙስካት ታሪክ ውስጥ ያኖረው ግን ስብከቱ ሳይሆን በ1896 የሆነው ነገር ነው። የባሪያ ንግድ በኦማን በ1873 በሱልጣን ቱርኪና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመ ውል ተከልክሎ ነበር። ሆኖም ክልከላው በወረቀት ላይ ሲኖር ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰው የጫኑ ጀልባዎች በስውር መምጣታቸውን አላቆሙም። አንዳንድ የሱር ባለ ጀልባዎች የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ በማውለብለብ ከእንግሊዝ መርከቦች ፍተሻ ያመልጡ ነበር፤ ይህ ጉዳይ በሁለቱ ኃያላን መካከል ክርክር አስነስቶ በ1905 በሄግ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ እስኪሰጥበት ደርሷል። እንግሊዞች ከያዙት የባሪያ ጀልባ ላይ ያስለቀቋቸው አሥራ ስምንት አፍሪካውያን ወንዶች ልጆች በሙስካት የሚያስጠጋቸው ዘመድ አልነበራቸውም። ቆንስላው ማን እንዲያሳድጋቸው ሲፈልግ ፒተር ዝዌመር ተቀበላቸው።

በዚህ መንገድ ወንደላጤው ሚሲዮናዊ በአንድ ቀን የአሥራ ስምንት ልጆች አሳዳጊ ሆነ። ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። ልጆቹን መመገብና ማልበስ፣ በታመሙ ጊዜ ማስታመም፣ ማንበብና መጻፍ ማስተማር፣ የእጅ ሥራ ማለማመድ የዕለት ተግባሩ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ጋር የክርስትና ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። ልጆቹ ከየት እንደ መጡ፣ ወላጆቻቸው ምን ያመልኩ እንደ ነበር የሚጠይቅላቸው፣ የሚመርጥላቸውም ወገን በአጠገባቸው አልነበረም።

የሙስካት በጋ ጉልበቱን ጨረሰው። ትኩሳት ደጋግሞ ጣለው። በ1898 ሕመሙ ስለ ጠናበት ወደ አገሩ ተላከ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኒውዮርክ ውስጥ በሆስፒታል አረፈ። ሠላሳ ዓመቱ ነበር። በእርሱ ቦታ የተተካው ጆርጅ ስቶንም ዓመት ሳይሞላው በ1899 በኦማን ሞተ። ቀጥሎ ካንታይን ኃላፊነቱን ተረከበ። ትምህርት ቤቱ በፒተር ዝዌመር መታሰቢያነት ተሰየመ።

ቤተሰቡ የከፈለው ዋጋ በዚህ አላበቃም። የሳሙኤል ሚስት ኤሚ ዊልክስ ከአውስትራሊያ የመጣች ነርስ ነበረች። በባሕሬን ልጃገረዶችን ሰብስባ የጀመረችው ትምህርት ዛሬ አል ረጃ በሚባለው ትምህርት ቤት ቀጥሏል። በሐምሌ 1904 ሰባትና አራት ዓመት የሆናቸው ሁለት ሴት ልጆቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ በባሕሬን ሞቱባት። ሳሙኤል በኋላ በካይሮ፣ ከዚያም በአሜሪካ በፕሪንስተን እያስተማረና እየጻፈ እስከ 1952 ኖረ። ስለ እስልምና የጻፋቸው ብዙዎቹ መጻሕፍት ለሙስሊም አንባቢ የሚመሩ ናቸው፤ ሃይማኖታችንን ሊያውቅ የደከመ፣ ግን በፍርዱ ያልራራለት ሰው ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። በዚያው ዘመን ከአገራችን ደቡብና ምዕራብ የተነጠቁ ልጆች በታጁራና በዘይላ በኩል ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ይሸጡ ነበር። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሁለት መቶ በላይ የኦሮሞ ተወላጆችን ከባሪያ ጀልባዎች አስለቅቃ ወደ ዐደን ወሰደች። ስልሳ አራቱ በሸይኽ ዑስማን በሚገኘው የስኮትላንድ ሚሲዮን ካደጉ በኋላ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ቆይቶም ከፊሎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ በዚያው ቀርታ ልጆች ወለደች፤ የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ታጋይና ምሁር ነው። የላቭዴል ልጆች እያንዳንዳቸው ከየት እንደ ተነጠቁ፣ በማን እጅ እንደ ተሸጡ ተጠይቀው ቃላቸው ተጽፎ ስለ ቀረ ዛሬ በስማቸው ልንጠራቸው እንችላለን። የሙስካቶቹ አሥራ ስምንት ልጆች ግን በታወቁት ታሪኮች ውስጥ የሚነሱት በቁጥራቸው ነው። ትምህርት ቤቱ የአሳዳጊውን ስም ወረሰ፤ የልጆቹ ስም ግን በሰው አንደበት አልቀረም።

ሙስሊም አንባቢ ይህን ሕይወት እንዴት ይመዝነው? ቀላሉ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሰውየውን በዓላማው ብቻ አይቶ መልካም ሥራውን መካድ ነው። ሁለተኛው በመልካም ሥራው ተማርኮ፣ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ምርጫቸውን ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ሃይማኖት ማሳደግ የሚያስነሳውን ጥያቄ መርሳት ነው። እስልምና ያስተማረን ፍትሕ ግን ከማንወደው ሰው ጋር እንኳ ቢሆን ሚዛንን አለማዛባት ነው። ፒተር ዝዌመር በእምነታችን ላይ የመጣ ሰባኪ ነበር፤ ሌላ የሚያነሳቸው ያልነበሩ ልጆችንም አንስቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ወደ እኛ ይዞራል። በእስልምና ባሪያን ነፃ ማውጣት ታላቅ የአምልኮ ሥራ ነው፤ ለብዙ ጥፋትም ማካካሻ ሆኖ ተደንግጓል። ሐበሻዊው ቢላል ከባርነት ወጥቶ የመጀመሪያው ሙአዚን የሆነው፣ አቡበክር (ረ.ዐ.) በገንዘባቸው ስለ ዋጁት ነው። የቲምን ማሳደግም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጀነት ጉርብትና ጋር ያያዙት ምግባር ነው። ይህን ሁሉ በሚያውቅ ማኅበረሰብ የወደብ ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ልጆች የባዕድ ቆንስላ እጅ እስኪወድቁ ድረስ ጀልባው መምጣቱ፣ ገዢም መጠበቁ ያሳዝናል። ጉድለቱ የሃይማኖቱ ሳይሆን ትእዛዙን ለትርፍ የተዉ ነጋዴዎች ነው። በኦማን ባርነት ከነርዝራዡ የተወገደው ሱልጣን ቃቡስ በ1970 ሥልጣን በያዙበት ጊዜ ነው።

ሚሲዮኑ ከትምህርት ቤቱ ሌላ በማትራህ ያቋቋመው ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ኦማናውያንን ካከመ በኋላ በሱልጣን ቃቡስ ዘመን ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። የትምህርቱም ሥራ መንግሥት በየመንደሩ በከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ተተካ። ከሚሲዮኑ የተወለደው አል አማና ማእከል ዛሬ በሙስካት የሚሠራው በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል መግባባትን በማስፋት ነው። ሰባኪዎቹ ሊለውጡት የመጡት አገር በሃይማኖቱ ጸንቶ፣ እነርሱን ግን በጉርብትና አቆይቷቸዋል።

ዛሬ በአል ኹዌርና በአካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ባሕሩን የተሻገረው በፓስፖርትና በውል ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በዚሁ ባሕር ላይ ስማቸው ሳይጻፍ የመጡ አፍሪካውያን ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ አሁን ልናደርግላቸው የምንችለው ነገር ጥቂት ነው። በመካከላችን ረዳት የሌለው ልጅ፣ በባዕድ አገር ዘመድ ያጣ ሠራተኛ ሲገኝ ግን ሌላው እስኪያነሳው አለመጠበቅ በእጃችን ያለ ነገር ነው።