ሌዎን ፉኮና የሚሽከረከረው መዘውር

ኦቾሎ በጋሞ ዞን ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለ ከፍተኛና አለታማ ተራራ ላይ የተመሠረተች መንደር ናት። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚያ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ያለበትን ስፍራም ሆነ የሚሄድበትን አቅጣጫ ለማወቅ አይቸገርም፤ ሐይቁ፣ ሜዳውና ተራራው ምልክት ይሆኑታልና። ጉም በወረደ ጊዜ ግን ምልክቶቹ ሁሉ ከዓይን ይሰወራሉ። አገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ እግረኛ እንኳ ከመንገዱ ሊወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ እግረኛው ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ቆሞ ለመጠበቅ ይችላል። በደመና ውስጥ የሚበር አውሮፕላን ወይም የተተኮሰ ሮኬት ግን ቆሞ መጠበቅ አይሆንለትም። ስለዚህ ውጭውን ሳይመለከት አቅጣጫውን የሚያውቅበት መሣሪያ በውስጡ መያዝ አለበት። ለዚህ መሣሪያ መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ዋነኛው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌዎን ፉኮ ነው። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ዣን ቤርናር ሌዎን ፉኮ መስከረም 18 ቀን 1819 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ መጻሕፍት አሳታሚ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ ሌዎንን ያሳደገችው እናቱ ናት። ሌዎን በልጅነቱ ጤናው ደካማ ስለ ነበር አብዛኛውን ትምህርቱን የተማረው በቤቱ ውስጥ በተቀጠሩለት መምህራን አማካይነት ነው። በትምህርቱም የተለየ ብልጫ አላሳየም። እጆቹ ግን ሥራ ወዳድ ነበሩ። መጫወቻዎችንና ትንንሽ መሣሪያዎችን በገዛ እጁ እየቀረጸ፣ እየገጠመና እየፈታ ውሎ ያመሽ ነበር። ይህም የእጅ ብልሃት ወደ ፊት ለሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ መነሻ ሆነለት።

እናቱ ልጇ ሐኪም እንዲሆንላት ትመኝ ስለ ነበር ፉኮ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። የተካኑ እጆቹም ጥሩ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እንደሚያደርጉት ታምኖ ነበር። ዳሩ ግን ፉኮ ደም ማየትን ፈጽሞ መቋቋም አልቻለም። በዚህም ምክንያት የጀመረውን ትምህርት ለመተው ተገደደ። ከዚያም በኋላ አልፍሬድ ዶኔ ለተባለ የሕክምና መምህር ረዳት በመሆን በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ነገሮችን በዳጌር ዘዴ ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር። የፎቶግራፍ ጥበብ ከተፈለሰፈ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ያለፉበት ጊዜ ነበር። ከዚሁ ጋር ስለ ሳይንስ ነክ ጉዳዮች በአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረ። ከባድ የሆነውን ነገር ለአንባቢ በሚገባ ቋንቋ የማስረዳት ልምድም በዚህ ሥራ አገኘ።

በ1845 ፉኮና ጓደኛው ኢፖሊት ፊዞ የፀሐይን ፎቶግራፍ አነሡ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የሚያስቸግረው ነገር ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር ፀሐይ ከመሣሪያው ትይዩ እየሸሸች መሄዷ ነው። ምናልባትም ፉኮ ስለ ምድር ሽክርክሪት አጥብቆ እንዲያስብ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያን ዘመን ምድር እንደምትሽከረከር የተማሩ ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከዋክብትን ሳይመለከት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይህን ሽክርክሪት በግልጽ ያሳየ ሰው አልነበረም።

መፍትሔው የተገኘው ከቶርኖ ማሽን ነበር። ፉኮ በቶርኖው ላይ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ አስሮ ሲሠራ፣ ዘንጉን ነክቶ ቢያርገበግበው ማሽኑ ዘንጉን ይዞ ቢዞርም እንኳ የርግብግቢቱ አቅጣጫ እንደማይለወጥ አስተዋለ። እንዲህ ከሆነ በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ፔንዱለምም ምድር ከበታቹ ብትዞር የራሱን አቅጣጫ ጠብቆ መወዛወዝ አለበት ሲል አሰበ። ይህንንም ለመፈተን በእናቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ 2 ሜትር ርዝመት ባለው ሽቦ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሉል አንጠለጠለ። በመጀመሪያው ሙከራ ሽቦው ተበጠሰ። ፉኮ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሽቦውን ለውጦ እንደገና ሞከረ። ሉሉን በእጅ መልቀቅ ወደ ጎን ሊገፋው ስለሚችል፣ በፈትል ወደ አንድ ወገን ስቦ ካሰረው በኋላ ፈትሉን በእሳት አቃጥሎ ለቀቀው። በጥር ወር 1851 በአንዱ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ የፔንዱለሙ የመወዛወዣ መስመር ቀስ በቀስ ሲዞር ተመለከተ። የዞረው ግን ምድርና ከእርስዋ ጋር ያለው ቤት እንጂ ፔንዱለሙ አልነበረም።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ፓንቴዎን በተባለው የፓሪስ ታላቅ ሕንፃ ውስጥ ሙከራው ለሕዝብ ታየ። ሽቦው 67 ሜትር ይረዝም፣ ሉሉም 28 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ፔንዱለሙ በተወዛወዘ ቁጥር በሉሉ ግርጌ ያለው ሹል በወለሉ ላይ የተከመረውን አሸዋ ጥቂት በጥቂት ሲቆርጠው ሕዝቡ በዓይኑ አየ። ፉኮ መስመሩ በአንድ ሰዓት የሚዞርበትን መጠን የሚሰጥ ቀላል ሕግም አቀረበ፤ ይኸውም 15 ዲግሪን በስፍራው ኬክሮስ ሳይን ማባዛት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በፓሪስ መስመሩ በሰዓት ከ11 ዲግሪ በላይ ስለሚዞር አንድ ሙሉ ዙር ለመፈጸም ወደ 32 ሰዓት ይወስድበታል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ርቃ በምትገኘው በኦቾሎ ግን የሚዞረው በሰዓት 1.6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ አንድ ዙር ለመፈጸም ከ9 ቀን በላይ ያስፈልገዋል። ልክ በምድር ወገብ ላይ ደግሞ ከቶ አይዞርም።

በዚያን ዘመን አንድ ተጓዥ ያለበትን ስፍራ ለማወቅ ምን ያህል ይደክም እንደ ነበር ለመረዳት የአንቷን ዳባዲን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ሰው ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ የተራሮችንና የከተሞችን አቀማመጥ ለክቷል። ለዚህ ሥራው የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ቢኖረውም ተራራው ወይም ኮከቡ በደመና ከተሸፈነ መሣሪያው ዋጋ አልነበረውም። ማግኔታዊው ኮምፓስም ቢሆን ብረት በአጠገቡ ሲኖር ይሳሳታል። ከውጭ ምንም ምልክት የማይፈልግ መሣሪያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጥቅም ላይ አልዋለም ነበር።

በ1852 ፉኮ የፔንዱለሙን ሐሳብ ይበልጥ አሻሽሎ አዲስ መሣሪያ አቀረበ። ይህም በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ መዘውር ሲሆን፣ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ በነፃ እንዲዞር ሆኖ እርስ በርሳቸው በተያያዙ ቀለበቶች መካከል የተሰቀለ ነበር። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር የዘንጉን አቅጣጫ በቀላሉ አይለውጥም። ልጆች በገመድ ጠምጥመው መሬት ላይ የሚያሽከረክሩት ሾጣጣ እንጨት ፍጥነቱ እስካለ ድረስ የማይወድቀውም ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ነው። ፉኮ መዘውሩን አሽከርክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ምድር ከበታቹ ስትዞር ዘንጉ ግን አቅጣጫውን ጠብቆ መቆየቱን አረጋገጠ። ለመሣሪያውም ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ጃይሮስኮፕ የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጉሙም መዞርን ማያ ማለት ነው። በጀርመን አገር ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ መሣሪያ የሠራ ሰው ነበር። ሆኖም የምድርን ሽክርክሪት ለማሳየት በዚህ መሣሪያ የተጠቀመውና የዛሬውን ስያሜ የሰጠው ፉኮ ነው። ከዚህም በላይ የመዘውሩ ዘንግ እንቅስቃሴ በተወሰነ መንገድ ቢገደብ ዘንጉ ወደ ሰሜን እንደሚዞር አስቀድሞ ተገንዝቧል።

ያም ሆኖ የፉኮ ጃይሮስኮፕ መዘውሩን ዘወትር የሚያሽከረክርለት ኃይል ስላልነበረው በሰበቃ ምክንያት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደክም ነበር። መርከብን ለመምራት አይበቃም። ፉኮ ግን በዚህ ሳይወሰን ሌሎች ሥራዎችን ቀጠለ። በ1855 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው፤ በዚያው ዓመትም በፓሪስ የሥነ ፈለክ ጣቢያ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ ተቀጠረ። በብር የተቀቡ የቴሌስኮፕ መስተዋቶችን ሠራ። በ1862 የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 298,000 ኪሎ ሜትር መሆኑን ለካ፤ ይህም ዛሬ ከሚታወቀው መጠን ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። በ1865 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። ይሁን እንጂ በዚህ ክብር ብዙ አልቆየም። በ1867 ሰውነቱን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያዘው፤ የካቲት 11 ቀን 1868 በ48 ዓመት ዕድሜው በፓሪስ ሞተ። ስሙ በኤፌል ማማ ላይ ከተጻፉት 72 የፈረንሳይ ሊቃውንት ስሞች መካከል ይገኛል።

የፉኮ መዘውር ሙሉ ጥቅም መስጠት የጀመረው እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር መዘውሩን ያለማቋረጥ ማሽከርከር ሲችል ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመናዊው ሄርማን አንሹትስ ካምፕፈ፣ ከእርሱም በኋላ አሜሪካዊው ኤልመር ስፔሪ፣ ብረት የማያሳስተው የመርከብ ኮምፓስ ሠሩ። በ1914 የስፔሪ ልጅ ሎውረንስ በጃይሮስኮፕ ራሱን ችሎ ሚዛኑን የሚጠብቅ አውሮፕላን በፈረንሳይ አገር አሳየ።

ሮኬቶችንና ሚሳይሎችን የሚመራው ዘዴም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው በጨለማ ከኦቾሎ ተነሥቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ እርምጃውን እየቆጠረና በስንት እርምጃ ወደ የት እንደ ታጠፈ እያስታወሰ ቢሄድ የደረሰበትን ስፍራ በሐሳቡ ሊያሰላ ይችላል። በሮኬት ውስጥም ጃይሮስኮፑ የመታጠፉን መጠን ይናገራል፤ ሌላ መሣሪያ ደግሞ የፍጥነቱን ለውጥ ይለካል። ሁለቱን ከመነሻው ስፍራ ጋር በማያያዝ ሮኬቱ ያለበት ቦታ ይሰላል። ነገር ግን እግረኛው በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ቢሳሳት ስሕተቱ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ ሁሉ በመሣሪያውም ላይ እንዲሁ ይደርሳል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የደከሙት ይህን ስሕተት ለመቀነስ ነው።

ይህ ዕውቀት የተሠራበት ዓላማ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ከ1944 ጀምሮ፣ ጀርመኖች በጃይሮስኮፕ የሚመሩ ቪ-2 የተባሉ ሚሳይሎችን በለንደንና በአንትወርፕ ከተሞች ላይ ተኩሰው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደሉ። በ1969 ደግሞ በጃይሮስኮፕ የሚመራ መንኮራኩር ሰዎችን ወደ ጨረቃ አድርሶ በደኅና መለሰ። ዛሬም የዚህ መሣሪያ ልዩ ልዩ ዓይነቶች መንገደኛ በሚያጓጉዙ አውሮፕላኖች፣ በጦር ሚሳይሎችና በእጅ ስልኮች ውስጥ ሳይቀር ይገኛሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ የሚሽከረከር መዘውር የለም፤ ብርሃን ወይም እጅግ ትንሽ የሆነ የሚርገበገብ አካል ተተክቶበታል፤ የሚሠሩት ሥራ ግን ያው ነው።

ከፉኮ ሕይወት ሁለት ቁም ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ በአንድ ሙያ አለመሳካት የሕይወት ፍጻሜ እንዳልሆነና በቶርኖ ሥራ መካከል የታየች ጥቂት ነገር እንኳ በጥንቃቄ ከተመረመረች ለታላቅ ዕውቀት በር ልትከፍት እንደምትችል ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያ አቅጣጫን ለመጠበቅ ቢችልም መድረሻውን ለመምረጥ እንደማይችል ነው። መድረሻውን የሚመርጠው ሰው ስለሆነ፣ መሣሪያው ላደረሰው በጎም ሆነ ክፉ ነገር ተጠያቂው ሰው ራሱ ነው።