እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የሰንጠረዥ ጥበብ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ከታወቁት ጨዋታዎች አንዱ ሰንጠረዥ ነው። መኳንንቱ ከሥራ ሲያርፉ በጨርቅ ላይ 64 ቤት አስምረው፥ ንጉሡን፥ ፈርዙን፥ ፊሉን፥ ፈረሱን፥ ደሩንና መደቁን ደርድረው ይጫወቱት ነበር። መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ተራ የሚከበረው አንዱ የሌላውን ከመታ በኋላ ነው። ደግሞም ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር። በኃይለኛው በደር የረታ ብዙ አይደነቅም፤ በደካማው በመደቅ ወይም በፊል ንጉሡን መውጫ ያሳጣ ግን ጥበበኛ ይባል ነበር። በዴንማርክና በሌሎች የአውሮጳ አገሮች የቼዝ ሊቃውንት የጨዋታውን ፍጻሜ እንደ እንቆቅልሽ እየደረሱ በጋዜጣ ሲያወጡ፥ አባቶቻችን ይህንኑ ውበት በጨዋታው ላይ ይፈልጉት ነበር።

ሰንጠረዥ ያውቁ ከነበሩት አንዷ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በአባታቸው ከስሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፥ አባታቸው የሞቱባቸው ገና በልጅነታቸው ነው። ከዚያም በኋላ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በምትገኘው በጎጃም ደብረ ማዊ ተማሩ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወንዶች ብቻ በሚመስልበት ዘመን ማንበብና መጻፍን፥ ግዕዝንም ዐወቁ፤ በገናም ይደረድሩ ነበር።

በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው፥ ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የውጫሌ ውል 17ኛው ክፍል ኢትዮጵያን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ለማዋል መሣሪያ በሆነ ጊዜም፥ አንዳች እንዳይለቀቅ አጥብቀው ተከራከሩ።

ጦርነቱ በ1888 ዓ.ም. ሲደርስ እቴጌይቱም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። ኢጣልያኖች በመቀሌ ምሽግ ውስጥ ገብተው ሳሉ፥ ወገን በግንቡ ላይ እየወጣ ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌይቱ ግን ግንቡን ትተው ምንጩን ተመለከቱ። ምሽጉ የሚጠጣው ውሃ ከቅጥሩ ውጭ ነበርና፥ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ወታደር ሄዶ ያዘው። ከጥቂት ቀን በኋላ ምሽጉ በውሃ ጥም ተጨንቆ በጥር ወር ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከነጦራቸው ሲዋጉ፥ እቴጌይቱ ተዋጊውን እያበረታቱ ለቈሰለው ውሃ ያስቀርቡ ነበር።

ሕይወታቸው ግን በድል ብቻ አልተፈጸመም። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ ይዘው ቢቈዩም፥ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አወረዷቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው በጸሎት ተቀመጡ፤ በዚያም የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፤ በመቀሌ ግንብ ሥር ያለቁትን ጀግኖች ድፍረት አላነሳቸውም ነበር። የሚቀጥለውን ሕይወት ያተረፈው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ነው። ይህንንም ያሰበችው በደብረ ማዊ ፊደል የቈጠረች ሴት ልጅ መሆኗን ስናስታውስ፥ ዛሬ እኅቶቻችንን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ቤተ ሰብ ለአገር ምን እንደሚያጐድል ወላጆቻችን ይመዝኑት።