ሊሊያን ዋልድና የሄንሪ ጎዳና ነርሶች

ነርስ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ነጭ ልብስ ለብሳ በበሽተኞች አልጋ መካከል የምትመላለስ ሴት ናት። ቁስል ታጥባለች፤ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ትኩሳት ትለካለች። ከሐኪም ቤት ወጥታ ከመምህራን፣ ከባለሀብቶችና ከሕግ አውጪዎች ጋር ስለ ሕዝብ ጤና የምትከራከር ነርስ ግን እምብዛም አትታየንም። የዚህ ምንባብ ባለታሪክ ሊሊያን ዋልድ ይህን ሁለተኛ ተግባር ከነርስነት ሙያ ጋር ካዋሐዱት ሰዎች አንዷ ናት። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊሊያን ዋልድ በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ ማርች 10 ቀን 1867 ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1878 ቤተሰቡ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሮቸስተር ከተማ ተዛወረ። ኑሮአቸው የተደላደለ ስለ ነበር ሊሊያን ችግር ሳታውቅ በመልካም ትምህርት ቤት ተማረች። በ16 ዓመትዋ ቫሳር ወደተባለው ኮሌጅ ለመግባት ብታመለክትም ዕድሜሽ ገና ነው ተብላ ተመለሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኅትዋን ታስታምም የነበረች አንዲት ነርስ ሥራዋን እንዴት እንደምታከናውን ባየች ጊዜ ልቧ ወደዚህ ሙያ አዘነበለ። በኒው ዮርክ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ገብታም በ1891 ተመረቀች። ከዚያም አንድ ዓመት ያህል በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ካገለገለች በኋላ ሐኪም ለመሆን አስባ በኒው ዮርክ በሚገኘው የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ትምህርትዋን ቀጠለች።

ነገር ግን በ1893 አንድ ቀን ጠዋት የደረሰው ነገር ሐሳብዋን ሁሉ ለወጠው። በዚያን ጊዜ ሊሊያን በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሄንሪ ጎዳና አካባቢ ለሚኖሩ ስደተኛ እናቶች በቤት ውስጥ በሽተኛን ስለ መንከባከብ ታስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ አልጋ አነጣጠፍ ነበር። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ልጅ ገብታ እናቷ መታመሟን ነገረቻት። ሊሊያን ለማስተማሪያ ያመጣችውን አንሶላ ሰብስባ፣ በሚያካፋው ዝናብ ልጅቱን ተከትላ ሄደች። የደረሱበት ቤት ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ በእነዚያም ውስጥ ሰባት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከደባሎች ጋር ተፋፍጎ ይኖር ነበር። አባትየው አካሉ የተጎዳ በመሆኑ በየመንገዱ እየለመነ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። እናቲቱ ከወለደች በኋላ ከሁለት ቀን በፊት በፈሰሳት ደም በቆሸሸ አልጋ ላይ ተጋድማ ነበር። ያክማት የነበረው ሐኪም ክፍያውን እንደማያገኝ ባወቀ ጊዜ ትቷት ሄዶአል።

ሊሊያን ሴትዮዋን አጠበቻት፤ አልጋውን ለወጠች፤ ቤቱን አጸዳች። ለመሄድ ስትነሣ ቤተሰቡ እጇን እየሳሙ አመሰገኑዋት። ምሥጋናው ግን አላስደሰታትም፤ ይልቁንም አሳፈራት። ይህን የመሰለ ኑሮ በአንድ ታላቅ ከተማ ውስጥ ሊኖር የቻለው እንደ እርስዋ ያሉት ሰዎች ስላላዩት ነው ብላ አሰበች። በዚያው ሰሞን የሕክምና ትምህርቷን ትታ፣ ሜሪ ብሩስተር ከተባለች የሙያ ጓደኛዋ ጋር በዚያው በድኾች ሰፈር ለመኖር ቆረጠች። ሁለቱ ነርሶች በጀፈርሰን ጎዳና በአንድ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ቤት ተከራዩ። ደረጃውን የሚወጣና የሚወርደው ጠሪ በየቀኑ እየበዛ ሄደ። በ1895 ጃኮብ ሺፍ የተባለ ባለ ባንክ በሄንሪ ጎዳና 265 ቍጥር ያለውን ቤት ገዝቶ ሰጣቸው። የነርሶቹ ማኅበር የታወቀበትን ስም ያገኘው ከዚህ ቤት ነው።

የአሠራራቸው ደንብ ቀላል ነበር። በሽተኛውን ለማየት የሐኪም ትእዛዝ አይጠብቁም፤ ሃይማኖቱንና ዘሩን አይጠይቁም። መክፈል የሚችል ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፤ የማይችል በነፃ ይታከማል። ሊሊያን ይህን ዓይነቱን ሠራተኛ የሕዝብ ጤና ነርስ ብላ ሰየመችው። በ1893 ሁለት የነበሩት ነርሶች በ1913 ቍጥራቸው 92 ደረሰ፤ በዓመትም 200,000 ያህል ጊዜ በየቤቱ እየተዘዋወሩ በሽተኞችን ይጎበኙ ነበር።

ለተማሪ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሚሆነው የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን። በሰፈሩ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በራሱ ላይ ካለው ቁስል የተነሣ ትምህርት ቤት በሄደ ቍጥር አስተማሪዋ ወደ ቤቱ ስለምትመልሰው ሳይማር ዕድሜው ገፋ። ሊሊያን ልጁን ያዳነችው በአዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ከሕክምና ጣቢያ የሚሰጠውን ቅባት በሥርዓት በመቀባት ብቻ ነበር። ልጁም ድኖ ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን እንደ እርሱ ያሉት ልጆች አንድና ሁለት አልነበሩም። አንዲት ነርስ በበጎ ፈቃድ የምታድናቸው ልጆች ከብዙዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከቍጥር የሚገቡ አይደሉም። ስለዚህ ሊሊያን በየቤቱ ያገኘቻቸውን የታመሙ ልጆች ሁኔታ በማስታወሻ መመዝገብ ጀመረች።

በ1902 የከተማው የጤና ባለሥልጣኖች ሐኪሞችን ወደ ትምህርት ቤቶች እየላኩ ትራኮማ፣ ቆረቆር፣ እከክና የመሳሰሉት ተላላፊ በሽታዎች ያሉባቸውን ልጆች እየለዩ ወደ ቤታቸው ይመልሱ ነበር። የሚያክማቸው ሰው ግን አልተመደበም። ልጁ ከክፍል ወጥቶ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመንገድ ላይ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ይውላል፤ በሽታውም ይዛመታል። ሊሊያን ለአንድ ወር አንዲት ነርስ በነፃ እሰጣለሁ ብላ ሐሳብ አቀረበች። የሊሊያን ብልኅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ነርሷን ከመላኳ በፊት ሥራው መልካም ውጤት ካሳየ ደመወዙ ከሕዝብ ገንዘብ እንዲከፈል ይደግፉ ዘንድ ከከተማው ሹማምንት አንዳንዶቹን ቃል አስገባቻቸው። ሊና ሮጀርስ የተባለችው ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመረች። ቀላሉን በሽታ እዚያው ታክማለች፤ ከዚያም ወደየቤቱ ሄዳ እናቶችን ታስተምራለች። ወሩ ሲያልቅ ሹማምንቱ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ከተማው ተጨማሪ 12 ነርሶች ቀጠረ። በሴፕቴምበር 1902 በበሽታ ምክንያት ከትምህርት ቤት የተመለሱት ልጆች 10,567 ነበሩ። በሴፕቴምበር 1903 ቍጥራቸው 1,101 ብቻ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ብዙ ሥራ ተሠራ። በ1909 ሜትሮፖሊታን የተባለው የሕይወት መድን ኩባንያ ደንበኞቹ ሲታመሙ በነርስ ቢጎበኙ ሞት እንደሚቀንስና ኩባንያውም እንደሚጠቀም ሊሊያን አስረዳች፤ ኩባንያውም አገልግሎቱን ጀመረ። በ1912 የሕዝብ ጤና ነርሶች ብሔራዊ ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች።

ሕፃናትን የሚመለከተው ሕግ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ። ፍሎረንስ ኬሊ የተባለች የሠራተኞች መብት ተከራካሪ በሄንሪ ጎዳና ቤት ትኖር ነበር። በ1903 ሁለቱ ሴቶች ጥጥ ስለሚያጠፋ ነቀዝ የሚናገር ዜና አነበቡ፤ መንግሥት የነቀዙን ጉዳት የሚያጠና ሚኒስትር ወደ ደቡብ መላኩን ይገልጻል። ለጥጥ የሚያስብ መንግሥት ስለሚሞቱትና በፋብሪካ ስለሚደክሙት ሕፃናት ለምን አያጠናም የሚለው ጥያቄ ከዚህ ተነሣ። ሐሳቡ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቀረበ፤ የሕጉ ረቂቅም ለምክር ቤት ደረሰ። የመንግሥት እጅ በወላጆች ሥልጣን ውስጥ ይገባል በማለት የተቃወሙ ስለ ነበሩ ረቂቁ ለዓመታት ተንጓተተ። ሊሊያንና ጓደኞችዋ የሴቶች ማኅበራትን፣ ሐኪሞችን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን እያስተባበሩ ጥያቄውን ደጋግመው አቀረቡ። በመጨረሻም በኤፕሪል 1912 ፕሬዚዳንት ታፍት ፈርመውበት የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ሊሊያን በሁሉም ዘንድ የተወደደች ነበረች ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ ጦርነቱን አጥብቃ ተቃወመች፤ በኒው ዮርክ ጎዳና በተደረገው የሴቶች የሰላም ሰልፍም ተካፈለች። በዚህ የተቈጡ ለጋሾች ለሄንሪ ጎዳና ቤት ይሰጡት የነበረውን ገንዘብ አቋረጡ። ዝም ብትል ኖሮ ነርሶችዋ ባልተቸገሩ ነበር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እርስዋ ግን አቋምዋን አልለወጠችም።

ይሁን እንጂ በ1918 የመከር ወራት ከተማው እንደገና ፈለጋት። በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው ያ ኃይለኛ ወረርሽኝ ኒው ዮርክን ሲመታ ብዙ ነርሶች ከጦሩ ጋር ነበሩ፤ የቀሩትም እየታመሙ ይወድቁ ነበር። ሊሊያን የነርሶች የአስቸኳይ ጊዜ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆና በከተማው ነርስ ያላቸውን ድርጅቶች ሁሉ በአንድ አመራር ሥር አሰባሰበች። ሴቶች በታላላቅ ሱቆች ደጃፍ ቆመው ለመንገደኞች የእርዳታ ጥሪ ወረቀት ያድሉ ነበር። ሙያ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ምግብ በማቅረብና በመኪና በማመላለስ ረዱ።

በ1933 ጤናዋ ስለ ታወከ ከኃላፊነቷ ለቀቀች። ኑሮዋንም በኮነቲከት ክፍለ ግዛት፣ በዌስትፖርት ከተማ አደረገች፤ በዚያም ሴፕቴምበር 1 ቀን 1940 በ73 ዓመትዋ አረፈች። የነርሶቹ አገልግሎት በ1944 ከሄንሪ ጎዳና ቤት ተለይቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። በ265 ቍጥር ያለው ቤት ዛሬም ለሰፈሩ ሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል።