ኢብን ሲና፦ ለየወቅቱ እንቅስቃሴን የለኩት ሐኪም

በእስልምናው ዓለም ስማቸው ከሕክምና ጥበብ ጋር ተሳስሮ ከሚነሡ ሊቃውንት መካከል አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ዐብዱላህ ኢብን ሲና ግንባር ቀደሙ ናቸው። ብዙዎች የሚያውቋቸው በሽታን በመመርመርና መድኃኒትን በመቀመም ነው። ይሁንና ታላቁ የሕክምና መጽሐፋቸው የታመመውን ስለ መፈወስ ብቻ አይናገርም፤ ጤነኛው ሰው ጤናውን ዓመቱን ሙሉ እንዴት ሊጠብቅ እንደሚገባውም በሰፊው ያትታል። በዚያ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ስፍራ የሰጡት ለአካል እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ምግብና እንቅልፍ ከእርሱ ቀጥለው ይመጣሉ።

ኢብን ሲና እ.ኤ.አ. በ980፣ በ370 ዓመተ ሒጅራ፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው ሀገር፣ ከቡኻራ ከተማ አጠገብ በምትገኘው አፍሸና በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከበልኽ የመጡ የሳማኒዶች መንግሥት ሹም ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ከተዛወረ በኋላ ሕፃኑ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ቁርኣንን አጠናቅቀው ነበር። ፊቅህን ከኢስማዒል አዝ-ዛሂድ፣ የሕንድን የሒሳብ ስሌት ደግሞ ከአንድ አትክልት ሻጭ ተማሩ። በ16 ዓመታቸው ዕውቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ ከእርሳቸው ዘንድ ሕክምናን ያነቡ ጀመር። አንድ ጥያቄ በተቋጠረባቸው ጊዜ ወደ መስጂድ ሄደው ይሰግዱና መፍትሔውን ከአላህ ይለምኑ እንደነበር ራሳቸው ስለ ሕይወታቸው በጻፉት ታሪክ አስፍረዋል። የሳማኒዱ ገዢ ኑሕ ኢብን መንሱር በታመመ ጊዜ ለሕክምናው ከተጠሩት አንዱ ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት የቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲጠቀሙ ተፈቀደላቸው።

አባታቸው ከሞቱና የሳማኒዶች ሥልጣን ከተናጋ በኋላ ግን ኑሯቸው የስደት ሆነ። ከቡኻራ ወደ ጉርጋንጅ፣ ከዚያም በነሳ፣ በአቢወርድና በጡስ በኩል አልፈው ከካስፒያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ጁርጃን ደረሱ። ሊጠጉት ያሰቡት አሚር ቃቡስ በዚያ ሰሞን ተይዞ ታስሮ፣ በእስር እንዳለም ሞተ። በጁርጃን ሳሉ ታማኝ ደቀ መዝሙራቸው አቡ ዑበይድ አል-ጁዝጃኒ ተቀላቀላቸው፤ «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» የተሰኘውንም መጽሐፍ በዚያው ጀመሩት። ከዚያም በረይና በቀዝዊን አልፈው ሐመዳን ገቡ።

በሐመዳን አሚሩን ሸምስ አድ-ደውላን ከቁልንጅ፣ ማለትም ከጽኑ የአንጀት ቁርጠት፣ ፈወሱት፤ እርሱም ወዚር አድርጎ ሾማቸው። ወታደሮች ዐምፀው ቤታቸውን ዘረፉ፤ እርሳቸውም ለ40 ቀናት ተሸሸጉ። አሚሩ እንደገና ሲታመም ግን ተፈልገው ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። ቀኑ በመንግሥት ሥራ ስለሚያልቅ ማስተማሩና መጻፉ የሌሊት ሆነ። አሚሩ ከሞተ በኋላ በአንድ መድኃኒት ሻጭ ቤት ተሸሽገው ሳሉ በየቀኑ 50 ቅጠል ወረቀት ይጽፉ እንደነበር አል-ጁዝጃኒ መስክሯል። በኋላም ፈርደጃን በተባለው ምሽግ ለአራት ወራት ታሰሩ። በእስር ቤትም ብዕራቸው አላረፈም፤ በዚያ ከጻፏቸው ሥራዎች አንዱ ስለዚያው ስለ ቁልንጅ በሽታ የሚናገር መጽሐፍ ነበር።

ይህን ያህል በተናወጠ ሕይወት ውስጥ የተጻፈው ቃኑን ስለ እንቅስቃሴ የሚናገረው በታላቅ እርጋታ ነው። እንቅስቃሴ ማለት ሰው ወዶ የሚያደርገው፣ ትንፋሽን የሚያጠልቅና የሚያፋጥን ተግባር መሆኑን ይገልጻል። ትግልን፣ ፈጣን እርምጃን፣ ቀስት ውርወራን፣ ዝላይንና ፈረስ ግልቢያን ይዘረዝራል፤ ዐቅም ላነሰው ሰው ደግሞ እንደ ዥዋዥዌና በጀልባ መጓዝ ያሉ ለዘብ ያሉትን ያስቀምጣል። ከእንቅስቃሴ በፊትም ሆነ በኋላ ሰውነትን ማሸት ተገቢ እንደሆነ፣ በጠገበ ወይም እጅግ በተራበ ሆድ መንቀሳቀስ እንደሚጎዳ ያስረዳል። የልኩም ምልክት ከሰውነቱ ከራሱ ይገኛል፦ የፊት ወዝ እያማረ፣ እግርና እጅ እየቀለሉ፣ ላብ እየወጣ እስካለ ድረስ ይቀጠላል፤ እነዚህ ሲለወጡ ይቆማል።

ወቅትን በተመለከተ ኢብን ሲና የሐኪሞች ወቅት ከኮከብ ቆጣሪዎች ወቅት እንደሚለይ ያስገነዝባሉ። ለሐኪሙ ፀደይ ማለት፣ አየሩ መካከለኛ በሆነ አገር፣ ሰው ብርዱን ለመከላከል ብዙ መደራረብ፣ ሙቀቱንም ለመከላከል ብዙ ማራገብ የማያሻው ጊዜ ነው። ወቅትን የሚለየው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን አየሩ በሰውነት ላይ የሚያደርገው ነው ማለት ነው። በዚህ መሠረት በፀደይ የተሻለው የእንቅስቃሴ ሰዓት እኩለ ቀን አካባቢ፣ አየሩ ልከኛ በሆነ ስፍራ ነው። በሐሩሩ ወቅት ሰዓቱ ወደ ማለዳ ይቀደማል፤ የምግቡም የእንቅስቃሴውም መጠን ይቀነሳል፤ ሰው ጥላና ዕረፍት ያበዛል። ቅጠል በሚረግፍበት፣ አየሩ በሚዋዥቅበት ወቅት ከቀትር ሙቀትና ከማለዳ ቅዝቃዜ መጠበቅ፣ በተለይም ራስን መሸፈን ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት ደግሞ ሰውነት የበለጠ ይሥራ፣ ምግቡም ይጨመርለት ይላሉ፤ ስፍራው ከቀዘቀዘ ይሙቅ እንጂ እንቅስቃሴው አይቋረጥ። እንግዲህ በየወቅቱ የሚለዋወጠው ሰዓቱና መጠኑ ነው፤ እንቅስቃሴው ግን ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

ኢብን ሲና ከፈርደጃን ከተፈቱ በኋላ የሱፊ ልብስ ለብሰው፣ ከወንድማቸው፣ ከአል-ጁዝጃኒና ከሁለት አገልጋዮች ጋር ከሐመዳን በስውር ወጥተው ኢስፋሃን ገቡ። በአሚሩ በዐላእ አድ-ደውላ ዘንድ ክብርና ጸጥታ አገኙ። ሆኖም ለሌላው የጻፉትን ልክ ለራሳቸው አልጠበቁም። ጉልበታቸው ብርቱ ስለ ነበረ በእርሱ ተማምነው ሰውነታቸውን ከመጠን በላይ እንዳደከሙት ደቀ መዝሙራቸው ሳይሸሽግ ጽፏል። ከአሚሩ ጋር በዘመቻ ላይ ሳሉ መጽሐፍ የጻፉበት ያ የቁልንጅ በሽታ በራሳቸው ላይ ወደቀ። ሠራዊቱ ቢያፈገፍግ ታመው መጓዝ እንደማይችሉ ስለ ሰጉ ቶሎ ለመዳን ቸኮሉ፤ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ በሆድ ማጠቢያ መድኃኒት ራሳቸውን አከሙ፤ በዚህም አንጀታቸው ቆሰለ። ትንሽ ሻል ሲላቸው ዳግም ከልክ አለፉ። በመጨረሻም ወደ ሐመዳን ሲጓዙ በሽታው አገረሸባቸው። ኃይላቸው መሟጠጡን ባወቁ ጊዜ ሕክምናውን ተዉ። ኢብን ኸሊካን እንደዘገቡት ተውበት አደረጉ፣ ገንዘባቸውን ለድሆች ሶደቃ ሰጡ፣ ባሪያዎቻቸውን ነጻ አወጡ፣ ቁርኣንንም በየሦስት ቀኑ ያኸትሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1037፣ በ428 ዓመተ ሒጅራ፣ ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ፤ መቃብራቸውም በሐመዳን ይገኛል።

ኢማም አል-ገዛሊን ጨምሮ የሃይማኖት ሊቃውንት በፍልስፍና አስተያየቶቻቸው ላይ ብርቱ ትችት አቅርበዋል። በሕክምናው ግን ቃኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጄራርድ ዘክሬሞና ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዘመናት ተምረውበታል፤ በ1593 ደግሞ በሮም በዐረብኛ ታትሟል። ስለ አራቱ የሰውነት ፈሳሾችና ስለ ደም ማፍሰስ የያዘው ትምህርት ዛሬ በአዲስ ዕውቀት ተተክቷል። እንቅስቃሴን ከወቅቱ ጋር የማስማማቱ ምክር ግን አሁንም ያገለግላል።

በዚህ አካባቢ ለምንኖር ወገኖች ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። ከሀገር ቤት ይዘናቸው የመጣነው በጋና ክረምት የሚለዩት በዝናብ ነው፤ እዚህ ግን ወቅቱን የሚለየው ሐሩር ነው። በሀገር ቤት ልማድ በቀትር የሚሮጥ ሰው በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ራሱን ይጎዳል፤ ሐሩሩን ፈርቶ ወራቱን ሁሉ ከማቀዝቀዣ ሥር የሚቀመጥም እንዲሁ። በሐሩሩ ወራት ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለችው ቀዝቃዛ ሰዓት፣ አየሩ በሚለዝብባቸው ወራት ደግሞ ከዐስር በኋላ ያለው ጊዜ ለእርምጃ ይመቻል። ሰውነት ከአላህ የተሰጠ አማና ነው። ኢብን ሲና የዚህን አማና ልክ በብዕራቸው አስተማሩን፤ ልኩን ማለፍ የሚያስከፍለውን ደግሞ በገዛ ሕይወታቸው አሳዩን። ከሁለቱም መማር የእኛ ፈንታ ነው።