አሥራት ወልደየስ

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ (1920–1991 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የሕክምና መምህርና የፖለቲካ መሪ ነበሩ። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲመሠረት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ በዲንነትም መርተውታል። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪሞች አንዱ በመሆናቸው ስማቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ከተደረገው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር ተያይዞ ይነሣል። ደርግ ይህን ቀዶ ሕክምና የንጉሡ ሞት ምክንያት አድርጎ ሲያቀርብ፣ አሥራት ግን ምክንያቱን አልተቀበሉም።

ልጅነትና ትምህርት

አሥራት የተወለዱት በአዲስ አበባ ሲሆን በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወደ ድሬዳዋ ሄደው ኖሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሽስቶች በፈጸሙት ጭፍጨፋ አባታቸው ተገደሉ፤ አያታቸውም ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በግብፅ እስክንድርያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ።

የሕክምና ትምህርታቸውን በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀው ወደ አገራቸው በመመለስ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሠሩ። ቆይተው እንደገና ወደ ኤዲንብራ በመሄድ በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ፤ የብሪታንያ የቀዶ ሕክምና ሮያል ኮሌጅ አባልነትንም አገኙ።

የሕክምና መምህርነት

በዚያ ዘመን ሐኪም መሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የሚያሠለጥነው የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እንጂ ሐኪሞችን አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሕክምና ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም አሥራት ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ሐኪሞች እዚሁ አገር ውስጥ፣ የአገሩን ሕዝብ በሽታ እያዩ መማር አለባቸው የሚል አቋም ነበራቸው። በኋላ የፋኩልቲው ማስተማሪያ በሆነው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰርነት አገልግለዋል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖር ሰው ጎልቶ ይታያል። ለምሳሌ በሰሜን ወሎ የሚገኙት ቆቦና የራያ ቆላ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። የሽንት መከልከል የያዘው የዚያ አካባቢ ገበሬ ሕመሙን እየቻለ በቆየ ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይጠባል። ቀዶ ሐኪም በየክፍለ ሀገሩ እንዲገኝ ደግሞ መጀመሪያ በአገር ውስጥ መሠልጠን ነበረበት።

የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በዘመናቸው

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ የወንዶች ዕጢ ነው። በእርጅና ዘመን በሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይጠቃል። አንደኛው ካንሰር ያልሆነ እብጠት ሲሆን ሽንት ያስቸግራል፤ ሐኪሙም መንገዱን የዘጋውን የውስጥ ክፍል ብቻ ያወጣል። ሁለተኛው ካንሰር ነው። ይህ በቀዶ ሕክምና ሲታከም ዕጢው ከነሽፋኑና ከዘር ከረጢቶቹ ጋር በሙሉ ይወጣል።

አሜሪካዊው ሂዩ ሃምፕተን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ለካንሰር ሕክምና ዕጢውን በሙሉ ያወጣው ከብልትና ከፊንጢጣ መካከል በመግባት ነበር። በዚህ መንገድ ግን በዳሌ ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች ማግኘት አይቻልም። አይርላንዳዊው ቴሬንስ ሚሊን እ.ኤ.አ. በ1945 ከእምብርት በታች በሆድ በኩል፣ ፊኛውን ሳይከፍት ወደ ፕሮስቴት የሚደርስበትን ዘዴ አሳወቀ። ይህም በአንድ ቁስል ፕሮስቴቱንም በአካባቢው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎችም ለመድረስ በር ከፈተ።

የሊምፍ ዕጢዎች በዳሌ ውስጥ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ተከትለው ይገኛሉ፤ ከፕሮስቴት የወጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከሚደርስባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ሐኪሙ አውጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ሲልካቸው ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ይመረምራቸዋል። ካንሰር ካልተገኘባቸው በሽታው ገና በአካባቢው እንዳለ ተስፋ ይደረጋል፤ ከተገኘባቸው ግን የበሽታው ደረጃ ከፍ ይላል፣ ተጨማሪ ሕክምናም ይታሰባል። የዛሬዎቹ የምስል ምርመራዎችና የፒኤስኤ የደም ምርመራ ባልነበሩበት ጊዜ፣ ካንሰሩ መዛመቱንና አለመዛመቱን በእርግጠኝነት ለማወቅ ሐኪሙ በዋናነት የሚተማመነው በእጁና በፓቶሎጂስቱ ዓይን ነበር። በማንኛውም የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ላይ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን ወይም ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋት ሊከሰት ይችላል። እነዚህ ችግሮች በአብዛኛው የሚታዩት ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ቀዶ ሕክምናና ሞት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ በቁጥጥር ሥር ሳሉ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ንጉሡ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው አረፉ። በማግሥቱ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሞቱት ከፕሮስቴት ምርመራና ቀዶ ሕክምና በኋላ በተከተለ ችግር መተንፈስ አቅቷቸው ነው ሲሉ ዘገቡ።

አሥራት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር እንዳልተፈጠረ ገልጸው የመንግሥቱን መግለጫ አስተባበሉ። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ከሞቱ ወራት ቀደም ብሎ እንደነበረና ንጉሡም በመጨረሻዎቹ ቀናት ጤንነታቸው ደህና እንደነበረ ይነገራል። መግለጫው እውነት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በሐኪሞቹ እጅ ላይ በወደቀ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የንጉሡ አፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት የንጉሠ ነገሥቱ መገደል ከቀረቡት ክሶች አንዱ ሆነ። ክሱ በሚሰማባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን አሥራት ራሳቸው እስረኛ ነበሩ።

ፖለቲካና እስራት

አሥራት በሰኔ 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የሽግግር ጉባኤ ላይ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኝተው የኤርትራን መገንጠል መንገድ የሚከፍተውን ውሳኔ ተቃወሙ። በ1984 ዓ.ም. የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መአሕድ) መሥርተው መሩ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲባረሩ እርሳቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። በዚህም ከብዙ ዓመታት የማስተማር ሥራቸው ተለዩ።

በ1986 ዓ.ም. አመፅ በማነሳሳት ተከሰው ተፈረደባቸው፤ በተከታታይ ክሶችም እስራታቸው ተራዘመ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሎ እንዲፈቱ ጠየቀ። በእስር ቤት የልብ ሕመማቸው እየጸና ሄደ። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ተለቀው ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው በፊላደልፊያ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ ተቀበረ።

መታሰቢያ

በአማራ ክልል የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በአሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። ከዚያ የሚመረቁ ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች የሚማሩት፣ እርሳቸው በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው የተማሩትን ሙያ በአገራቸው ሆነው ነው።