ፍርሃት ያደቀቀው፣ ፍርሃትን ያጠናው ሰው

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገራችን ሰው፡፡ የሚፈራው ነገር ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሲሆንስ? ልብ ያለ ምክንያት ይደልቃል፡፡ ትንፋሽ ያጥራል፡፡ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፡፡ አሁን ልሞት ነው ወይም ላብድ ነው የሚል ስሜት ሰውነትን ይወርራል፡፡ ሰውየው የልብ ሕመም ነው ብሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል፤ ሮጦም ደግ አደረገ፣ የደረት ሕመም መጀመሪያ መመርመር አለበትና፡፡ ልቡ ጤናማ ነው ተብሎ ሲመለስ ግን ሌላ ጭንቀት ይጀምረዋል፡፡ ያ ነገር መቼ ይመለስብኝ ይሆን እያለ ከቤት መውጣት ይፈራል፡፡ ሐኪሞች ይህንን ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ፓኒክ አታክ ይሉታል፡፡

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህን መሰል ማዕበል በወጣትነቱ ስለመታውና በኋላ የአሜሪካ ሥነ ልቦና አባት ስለተባለው ስለ ዊልያም ጄምስ ነው፡፡ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ዊልያም ጄምስ ጥር 11 ቀን 1842 በኒውዮርክ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ፡፡ ታናሽ ወንድሙ በልብ ወለድ ድርሰቶቹ የታወቀው ሄንሪ ጄምስ ነው፡፡ ፍርሃት በዚህ ቤት እንግዳ አልነበረም፡፡ በ1844 ቤተሰቡ እንግሊዝ አገር ዊንዘር አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ አባትየው እራት በልተው ብቻቸውን ከማዕድ እንደተቀመጡ ያለ አንዳች ምክንያት ከባድ ድንጋጤ ወረዳቸው፡፡ ከዚያ ለማገገም ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፡፡ ዊልያም ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር፡፡

ልጁ ሲያድግ መንገዱ አልቀናለትም፡፡ ሥዕል ጀምሮ ተወ፡፡ በ1861 ሐርቫርድ ገብቶ ኬሚስትሪ አጠና፣ ከዚያ ወደ ሕክምና ዞረ፡፡ በ1865 ከሳይንስ ተመራማሪዎች ጋር ብራዚል ድረስ ቢሄድም እዚያ ታመመ፡፡ ጀርባውንና ዓይኑን እየታመመ፣ መንፈሱ እየደቀቀ፣ ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ ጀርመን አገር ከረመ፡፡ በ1869 የሕክምና ዲግሪውን ተቀበለ፤ አንድም ቀን ግን በሐኪምነት አልሠራም፡፡

ክፉው ምሽት የመጣው በዚያ የጭለማ ዘመን ነው፡፡ ከመሸ በኋላ ዕቃ ሊያነሳ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገባ ድንገት ስለ ራሱ ህልውና ከባድ ፍርሃት ያዘው፡፡ ወዲያውም ቀደም ሲል በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ያየው አንድ ወጣት በሐሳቡ ድቅን አለበት፡፡ ያ ወጣት ጉልበቱን አጥፎ ቀኑን ሙሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ በሽተኛ ነበር፡፡ ጄምስን ያንቀጠቀጠው እኔም ነገ እንደዚህ ልሆን እችላለሁ የሚለው ሐሳብ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ፍርሃት እየቆረጠው ይነቃ ጀመር፡፡ ለወራት በጨለማ ብቻውን መውጣት አቃተው፡፡ እናቱ እንዳይጨነቁ ብሎ ሕመሙን ደበቀ፡፡ የሙጥኝ ብሎ ያመለጠው፣ በኋላ እንደመሰከረው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቃቸውን ጥቅሶች እየደጋገመ ነው፡፡

እርግጥ ነው፣ ሟችን ለመስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ አይቻልም፡፡ የዛሬ ሐኪም ቢያየው ምን ስም ይሰጠው ነበር ብለን ፍርድ ልንሰጥ አንችልም፡፡ ሰውየው ራሱ የተወው መግለጫ ግን ሕመሙን ለቀመሰ ሰው ትርጉም አያሻውም፡፡

ለጄምስ ከፍርሃቱ የባሰው ሌላ ነገር ነበር፡፡ በዘመኑ ብዙ የሳይንስ ሰዎች የሰው ሐሳብና ድርጊት ሁሉ እንደ ሰዓት ማሽን አስቀድሞ የተወሰነ ነው ይሉ ነበር፡፡ እኛ ሕግ ያጠናን ሰዎች ነፃ ፈቃድን የምናውቀው ከወንጀል ኃላፊነት ጋር በተያያዘ ነው፡፡ ለሱ ግን የሞት ሽረት ጥያቄ ነበር፡፡ ሰው ማሽን ከሆነ ሕመሙ ዕጣው ነው፤ ይግባኝ የለውም፡፡

በመጋቢት 1870 የሚወዳት የአክስቱ ልጅ ሚኒ ቴምፕል በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፡፡ ሚያዝያ 30 ቀን 1870 ደግሞ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ውሳኔ አሰፈረ፡፡ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሻርል ረኑቪዬ ስለ ነፃ ፈቃድ የጻፈውን አንብቦ ነበር፡፡ ሰው ከብዙ ሐሳቦች መካከል አንዱን መርጦ መያዝ እንደሚችል ለማመን ቆረጠ፤ የመጀመሪያው የነፃ ፈቃድ ሥራውም ይኸው እምነት እንዲሆን ወሰነ፡፡ እርግጠኛ እስኪሆን አልጠበቀም፡፡ መጀመሪያ ሊያደርግ፣ ስሜቱ በኋላ እንዲከተል ተወው፡፡

ታዲያ በማግስቱ ድኖ ተነሣ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፡፡ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ማገገሙ ዓመታት ወሰደ፡፡ በ1872 ሐርቫርድ የፊዚዮሎጂ መምህርነት ሲሰጠው፣ በሰዓቱ ተነስቶ ተማሪ ፊት መቆም ከመድኃኒት በላይ ጠቀመው፡፡ የአእምሮ ሕመም ሁሉ የግድ ከአካል ጉድለት ይመጣል የሚለውን እምነቱን መተዉም እንዳገዘው በ1873 ለአባቱ ነገራቸው፡፡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን እንደገና ዕረፍት ወስዶ ወደ ጣሊያን መሄድ አስፈለገው፡፡ ወደቀ፣ ተነሣ፤ ተመልሶም አስተማረ፡፡ በ1878 አሊስ ጊበንስን አገባ፡፡ በዚያው ዓመት የተዋዋለውን ትልቁን የሥነ ልቦና መጽሐፉን በሁለት ቅጽ ያወጣው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1890 ነው፡፡

ሕመሙ በሥራው ውስጥ ይታያል፡፡ በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ፈርቶ አይደለም የሚንቀጠቀጠው፤ መንቀጥቀጡን ሲያውቀው ነው ፍርሃት የሚሰማው የሚል ክርክር አቀረበ፡፡ ንድፈ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል፡፡ ቢሆንም ዛሬ ለፓኒክ አታክ ፍቱን ከሆኑት ሕክምናዎች አንዱ የሆነው የንግግር ሕክምና፣ በሽተኛው የልቡን ምት የሞት ምልክት አድርጎ መተርጎሙን እንዲያርምና የሸሸውን ቦታ ጥቂት በጥቂት እንዲለምደው ያስተምራል፡፡ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶችም አሉ፡፡ ጄምስ ይህን ዕድል አላገኘም፡፡

ምስጢሩንም ለረጅም ጊዜ አላወጣም፡፡ በ1902 ስለ ሃይማኖታዊ ልምዶች ባሳተመው መጽሐፍ ያንን ምሽት ቢተርክም፣ ባለታሪኩን ስም የለሽ ፈረንሳዊ አድርጎ ነበር፡፡ ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑን በኋላ ለመጽሐፉ ፈረንሳይኛ ተርጓሚ አመነ፡፡ ይህን ያህል የታወቀ ፕሮፌሰር ያፈረበትን ሕመም የእኛ ሰው ቢደብቀው ምን ይደንቃል? ሆኖም ክሊፈርድ ቢርስ የተባለ ሰው በአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች የደረሰበትን በደል በ1908 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ጄምስ ስሙን አውሶ የድጋፍ ደብዳቤውን በመግቢያነት ሰጠው፡፡

ያ በጨለማ መውጣት የፈራ ሰው በሸመገለ ጊዜ ምን ሆነ? ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ካሊፎርኒያን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ስታንፎርድ ከአልጋው ላይ አገኘው፡፡ ፍርሃት ሳይሆን ደስታና አድናቆት እንደተሰማው ጻፈ፤ የዚያኑ ዕለትም ሰዉ እንዴት እንደሆነ ሊያይ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፡፡ በ1909 ደግሞ ዉስተር በምትባለው ከተማ ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ሲራመዱ ደረቱን ያዘው፡፡ ይኸኛው እውነተኛ የልብ ሕመም ነበር፡፡ ቦርሳውን ለፍሮይድ ሰጥቶ፣ አንተ ቅደም፣ ሲያልፍልኝ እደርስብሃለሁ አለው፤ ደረሰበትም፡፡ ፍሮይድ ሞት ሲመጣ እንደሱ አለመፍራትን እንደተመኘ ጽፏል፡፡ ጄምስ ነሐሴ 26 ቀን 1910 በኒው ሃምፕሸር በ68 ዓመቱ አረፈ፡፡

ከዚህ ሕይወት እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፡፡ በርታ፣ ደስ ይበልህ የሚለው ምክር ብቻውን ማንንም አያድንም፡፡ ጄምስም በፈቃዱ ብርታት ብቻ አልዳነም፤ ሥራ ነበረው፣ ሚስት ነበረችው፣ የሚያሳርፈው ገንዘብ ነበረው፡፡ ተስፋ ማድረግ ግን እስኪሻለን የምንጠብቀው ስሜት አይደለም፡፡ ልብ እየደለቀ ጫማ አስሮ መውጣት ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንዲህ ሆኛለሁ ማለት ነው፡፡ ማዕበሉ ሲመጣም ማለፉን አውቆ፣ እስኪያልፍ ቆሞ፣ ከዚያ መንገዱን መቀጠል ነው፡፡