የፈርዲናንድ ፖርሸ ታሪክና በመንኰራኵር ውስጥ የሚገባው ሞተር



በዚህ ዓመት በክፍላችን አንድ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩም የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሞተር በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ ቢገባ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚል ነው። እኔ ይሻላል ከሚሉት ወገን ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ተከራከርሁ። ከዚያ በኋላ ይህን ሥራ በመጀመሪያ ከሠሩት ሰዎች መካከል ስሙ የታወቀውን የፈርዲናንድ ፖርሸን ታሪክ አነበብሁ። ያነበብሁትን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖርሸ በ1875 በቦሄሚያ፣ ማፈርስዶርፍ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አገሩ ያን ጊዜ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረ፤ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ነው። አባቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጁም ቀን ከአባቱ ጋር እየሠራ ማታ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በ18 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ በአንድ የኤሌክትሪክ ፋብሪካ ተቀጠረ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው በትጋቱ ከፍ ወዳለ ሥራ ደረሰ።

ቀጥሎም ሎህነር የተባለ የሠረገላ ሠሪ ኩባንያ ወሰደው። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የሠራው አውቶሞቢል ቀረበና ሕዝቡን አስደነቀ። ሞተሮቹ በፊተኞቹ ሁለት መንኰራኵሮች ውስጥ ነበሩ። ኀይሉ ከሞተር ወደ ጎማ የሚሄደው በቀጥታ ስለሆነ ካምቢዮ፣ ሰንሰለትና ዲፈረንሻል አላስፈለገውም።

የዚህ አሠራር ጥቅም ብዙ ነው። በጥርሶችና በዘንጎች መፋተግ የሚባክነው ኀይል ይቀራል። በመኪናው ሆድ ውስጥ ለሰውና ለዕቃ ሰፊ ቦታ ይገኛል። እያንዳንዱም መንኰራኵር ለብቻው ስለሚታዘዝ፣ አንዱ ጎማ በጭቃ ሲንሸራተት ለሌላው ኀይል መስጠት ይቻላል። እኔ በክርክሩ የተናገርሁት ይህን ብቻ ነበር።

ጉዳቱን ግን አላሰብሁትም። የፖርሸ አውቶሞቢል ባትሪ ብቻውን ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ የፊተኛው መንኰራኵርም እያንዳንዱ ከ100 ኪሎ በላይ ነበረ። የመኪናውን አካል ሞላና ባሌስትራ ይሸከሙታል፤ መንኰራኵሩን ግን የሚሸከምለት የለም፤ ድንጋዩን በቀጥታ የሚመታው እርሱ ነው። መንኰራኵር ሲከብድ ከጉድጓድ ቶሎ አይመለስም፤ መንገዱንም አጥብቆ አይዝም።

ይህን ለመረዳት አንድ ሙከራ አደረግሁ። ሁለት ኪሎ አሸዋ በጀርባዬ አዝዬ የትምህርት ቤታችንን ሜዳ ሮጥሁ፤ እምብዛም አልከበደኝም። ያንኑ አሸዋ ለሁለት ከፍዬ በቁርጭምጭሚቶቼ ላይ አሥሬ ስሮጥ ግን ግማሽ ሳልደርስ ተደናቅፌ ወደቅሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ነገሩ ገባኝ።

አንድ የጎረቤታችን የአይሱዙ ሹፌርም ክርክራችንን ሰምተው፣ በደጎሎ ክረምት ዋልካው ጎማውን እስከ ቸርኬው ሲውጠው ያ ሞተር ምን ይሆናል ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። በእርግጥም በመንኰራኵር ውስጥ የገባ ሞተር ውሃ፣ ጭቃ፣ የፍሬን ሙቀትና የድንጋይ ምት ሁሉ ያገኘዋል። ዋጋውም ይበዛል፤ በአንድ ሞተር ፈንታ ሁለት ወይም አራት ያስፈልጋልና።

ፖርሸም የባትሪውን ክብደት ለመቀነስ ሲል የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ መንኰራኵሮቹን የሚያንቀሳቅስበትን መኪና ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በዚሁ ዘዴ ከባድ መድፍ በተራራ ላይ የሚጎትቱ ተሽከርካሪዎች ተሠሩ። የተጎታቾቹ መንኰራኵሮች የየራሳቸው ሞተር ነበራቸው። ይህን ሳነብ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነሥተው በእኛው ወሎ በበሽሎ ገደል በኩል እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ማስጎተታቸው ትዝ አለኝ። በዝግታ ለሚሄድ ከባድ ጭነት የመንኰራኵር ሞተር መልካም ረዳት መሆኑን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ፖርሸ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር አባቶቻችን ቮልስ የሚሏትን ትንሽ መኪና ሲነድፍ፣ በወጣትነቱ ዝና ያተረፈበትን ሥራ አልተጠቀመበትም። ሞተሩን ከኋላ በአካሏ ላይ አኖረው፤ መንኰራኵሮቿም ቀላል ሆኑ።

የሰውየውን ሌላ ገጽ መደበቅ ግን ለታሪክ አይገባም። ቮልስን እንዲነድፍ በ1934 ሥራውን ያገኘው በሂትለር መንግሥት ጊዜ ነው፤ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በጦርነቱም ዘመን በቮልስዋገን ፋብሪካ ከተያዙ አገሮች የመጡ ሰዎች በግድ እንዲሠሩ ተደርገዋል። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዮች በ1945 አሥረውት በ1947 ተፈታ፤ በጥር 1951 ሞተ። ብልኅ እጅ ለክፉ ጌታ ሲሠራ ብልኀቱ ነጻ አያወጣውም።

ዛሬ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም በየከተማው መታየት ጀምሯል። አብዛኞቹ ሞተራቸው በአካላቸው ላይ እንጂ በመንኰራኵር ውስጥ አይደለም። የመንኰራኵር ሞተር ግን በኤሌክትሪክ ብስክሌትና በትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ በደንብ ያገለግላል። በ1971 ጨረቃ ላይ የተነዳችው የአሜሪካኖች መኪናም በአራቱም መንኰራኵሮቿ ሞተር ነበራት፤ በጨረቃ ላይ ደግሞ ዋልካ የለም።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ እኔ በክርክሩ ያጠፋሁት የአንዱን ወገን ሚዛን ብቻ በመመልከቴ ነው። ከእኛ መካከል ነገ መኪና የሚሠራ፣ የሚጠግን ወይም የሚገዛ አይጠፋም። ያ ሰው የሥራውን ጥቅም ከመንገዱ ጋር፣ የሠሪውንም ችሎታ ካገለገለው ጌታ ጋር አብሮ ይመዝን። እኔም በሚመጣው ክርክር ወገን ከመያዜ በፊት አስቀድሜ መንገዱ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።